ዜማውን ወድዶ ባለ ዜማውን መናቅ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ እኅቶቼ፣ በዚህ ዓምድ ብዙውን ጊዜ የምንነጋገረው ስለ ጾምና ስለ ንስሐ፣ ስለ ደመወዝና ስለ ናፍቆት ነው። ዛሬ ግን ስለ ዘፈን ልጽፍላችሁ ነው። «ቄስ ስለ ዘፈን ምን አገባው?» የምትሉ አትጠፉም። እውነት ነው፤ እኔ ያደግሁት በዜማ ቤት እንጂ በዘፈን ቤት አይደለም። ሆኖም እናንተ ልብስ ስትተኩሱ፣ ሕፃን ስታባብሉ፣ ሳሎን የተቀመጠው ቴሌቪዥን ሲዘፍን ይውላል። ወደዳችሁም ጠላችሁም ትሰማላችሁ። ከምትሰሙትና ከምታዩት መካከል ደግሞ የእናንተን መልክ የሚነካ ነገር አለበት።

ነገሩን ያነሣችብኝ በቤሩት የምትሠራ አንዲት እኅታችን ናት። «አባቴ ይፍቱኝ» ብላ ትጀምርና እንዲህ ትላለች፦ «የማዳሜ ልጅ ለትምህርት ቤት በዓል ፊቷን ቡናማ ቀለም ተቀብታ፣ የኔን ነጠላ ለብሳ፣ እኔው ያስተማርኳትን እስክስታ እየመታች ሳሎን ገባች። እንግዶቹ ሁሉ ሳቁ። ማዳሜም ‹አየሽ እንዴት እንደምትወድሽ› አለችኝ። እኔ ግን ወጥ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ለምን እንዳለቀስኩ አላወቅሁም። ልጅቷን በጣም እወዳታለሁ፤ እሷም ትወደኛለች። ኀጢአት ሆኖብኝ ይሆን?»

እግዚአብሔር ይፍታሽ፣ ልጄ። ኀጢአት አልሆነብሽም። አንቺ ለምን እንደሆነ ሳታውቂው ያለቀስሽበትን ነገር፣ ሌሎች ሰዎች በጋዜጣም በፍርድ ቤትም ሲከራከሩበት ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል። ሁለት ነገር ተደባልቆብሻልና መጀመሪያ እንለየው። ነጠላሽን መልበሷና እስክስታ መምታቷ አንድ ነገር ነው። ፊቷን መቀባቷ ሌላ ነገር ነው።

ከሁለተኛው ልጀምር። ዓመቶቹን ሁሉ እናንተ ባላችሁበት አገር አቆጣጠር እጽፍላችኋለሁ።

በ2009 ታዋቂዋ የሊባኖስ ዘፋኝ ሃይፋ ዋህቢ ለልጆች የሚሆን የዘፈን አልበም አወጣች። ከዘፈኖቹ በአንዱ ውስጥ የኑቢያን ሰው ስም ከዝንጀሮ ጋር ያጣመረ ቃል ነበረበት። ኑቢያውያን ማለት በደቡብ ግብፅና በሰሜን ሱዳን ከዓባይ ዳር የሚኖሩ፣ ጥንታዊ ክርስትና የነበራቸው፣ በ1960ዎቹ የአስዋን ግድብ ሲሠራ መንደራቸው በውኃ የተዋጠባቸው ጎረቤቶቻችን ናቸው። ሰዎቹ ተቈጡ፤ ጠበቆቻቸውም ክስ አቀረቡ። ዘፋኟ ግጥሙን የጻፈው ግብፃዊ መሆኑንና ለመሳደብ አለማሰቧን ገልጻ ይቅርታ ጠየቀች። ላለማሰቧ እኔ አምናታለሁ። የሚያሳዝነውም ይኸው ነው። ገጣሚው ጻፈው፣ ዘፋኟ ዘፈነችው፣ ስቱዲዮው ቀረጸው፣ ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል «ይህ ቃል ሰው ይነካል» የሚል አንድ ሰው አልተገኘም። የኑቢያ ልጆች ግን ከትምህርት ቤት ጓደኞቻቸው አፍ ሰምተውት ወደ ቤት ይገባሉ።

በ2018 ደግሞ ሌላዋ የሊባኖስ ዘፋኝ ሚሪያም ፋሬስ በአንድ የዘፈን ክሊፕ ላይ ቆዳዋን አጥቁራ ታየች፤ ብዙ ሰውም ነቀፋት። በዚያው ዓመት በረመዳን አንድ የኩዌት አስቂኝ ዝግጅት ተዋንያኑን ፊታቸውን አጥቁሮ ሱዳናውያንን ሰነፎች አድርጎ አቀረበ። ሱዳናውያን ተቈጡ። የግብፅም ተከታታይ ድራማ በዚያው ረመዳን በተመሳሳይ ነገር ተወቅሷል። ይህ ደግሞ ትናንት የተጀመረ አይደለም። ዐሊ አል-ካሳር የሚባለው የግብፅ ቀልደኛ ከ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ አንሥቶ በመድረክ፣ ኋላም በፊልም፣ ፊቱን አጥቁሮ ኑቢያዊ አሽከር እየሆነ አገሩን ሲያስቅ ኖሯል። ፊልሞቹ ዛሬም አሉ።

«ይህ የአሜሪካኖች ጣጣ ነው፤ እኛ እንደዚያ ያለ ታሪክ የለንም፤ ቀልድ ነው» የሚሉ በዐረብ አገር ብዙ ናቸው። ክርክሩም በዚህ ላይ ነው። የአሜሪካው ታሪክ የታወቀ ነው። በ1830 ገደማ ቶማስ ራይስ የሚባል ነጭ ተዋናይ ፊቱን አጥቁሮ፣ የተቀደደ ልብስ ለብሶ፣ የጥቁር ባሪያ ዘፈንና ዝላይ ነው ያለውን እያሳየ ገንዘብ መሰብሰብ ጀመረ። ጂም ክሮው የተባለው የገጸ ባሕርዩ ስም በኋላ ጥቁርና ነጭን በአውቶቡስ፣ በትምህርት ቤትና በሆስፒታል ለለያዩት ሕጎች መጠሪያ ሆነ። ከመቶ ዓመት ያህል በኋላም፣ በ1927፣ የመጀመሪያው ባለ ድምፅ ረጅም ፊልም ሲሠራ ዘፋኙ አል ጆልሰን ፊቱን አጥቁሮ ዘፍኖበታል። በእንግሊዝ አገርም የመንግሥቱ ቴሌቪዥን እንዲህ ያለ የዘፈን ዝግጅት ከ1958 እስከ 1978 ሃያ ዓመት አሳይቷል። ከሁሉ የሚከብደኝ ግን የበርት ዊሊያምስ ነገር ነው። ይህ ሰው ራሱ ጥቁር ነው፤ በዘመኑ ታላቅ ዘፋኝና ቀልደኛ ነበረ። ሆኖም መድረክ ላይ ለመውጣት በጥቁር ፊቱ ላይ እንደገና ጥቁር ቀለም መቀባት ነበረበት። እግዚአብሔር የሰጠው መልክ አልበቃ ብሎ፣ ሰዎች የሣሉለትን መልክ እንዲለብስ ተገደደ።

እንግዲህ «እኛ ይህ ታሪክ የለንም» ወደሚሉት ስንመለስ፣ ባርነት በቀጠር በሕግ የተከለከለው በ1952፣ በሳዑዲ ዐረቢያ በ1962፣ በኦማን በ1970 ነው። በ1970 እኮ ከእናንተ የብዙዎቻችሁ እናቶች ተወልደዋል። ከአፍሪካ፣ ከኛም አገር ጭምር፣ ቀይ ባሕርን አሻግረው የተሸጡ ሰዎች ልጆች ዛሬ የእነዚያ አገሮች ዜጎች ናቸው። በቤሩት ያላችሁ፣ በቸኮሌት የተሸፈነውን ነጭ ጣፋጭ ሱቅ ሂዱና ጠይቁ። አምራቾቹ ስሙን «ጠርቡሽ» ብለው ከቀየሩት ቆይቷል፤ ሰው ግን ዛሬም በድሮ ስሙ «የባሪያ ራስ» እያለ ይጠራዋል። «ዐብድ» የሚለውን ቃል ትርጉም እኔ ለእናንተ አላስተምርም። ስለዚህ ቀለሙ የሚቀባው ባዶ ግድግዳ ላይ አይደለም። ከሥሩ የተጻፈ አለ።

አሁን ወደ መጀመሪያው ነገር፣ ወደ ነጠላውና ወደ እስክስታው ልምጣ። የሌላውን ሕዝብ ዜማና ልብስ መውሰድ በደል ነው ወይ? በዚህ ላይ በአሜሪካና በአውሮፓ ያሉ ሰዎች በሁለት ተከፍለው ይከራከራሉ። አንዳንዶቹ ማንም የሌላውን ሕዝብ ዘፈን አይዝፈን እስከ ማለት ይደርሳሉ። እኔ በዚህ አልስማማም።

በቅኔ ቤት የኖረ ሰው ያውቀዋል፤ አዲስ ተማሪ ከሩቅ አገር ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ከማን ተማርህ?» ተብሎ ነው። የመምህሩን ስም ይናገራል፤ የመምህሩንም መምህር ይጠራል። ዕውቀቱ የተቀበለው ስለሆነ አያፍርም፤ ይኮራበታል እንጂ። ድጓውን የምናዜመው ቅዱስ ያሬድን እየጠራን ነው። የቤተ ልሔሙ ዜማ የአጫብሩን አይመስልም፤ ተማሪው ግን ከአንዱ ወደ ሌላው ተሻግሮ ይማራል፤ የሚከለክለው የለም። ነገር ግን ሌላው የተቀኘውን ቅኔ የራሱ አስመስሎ የሚያቀርብ ሰው በጉባኤ ይዋረዳል። ልዩነቱ ያለው እዚህ ላይ ነው። ስሙን ጠርቶ የወሰደ ደቀ መዝሙር ነው፤ ስሙን ደብቆ የወሰደ ሌባ ነው።

ሙላቱ አስታጥቄን ተመልከቱ። በወጣትነቱ እንግሊዝ አገር ሄደ፣ ከዚያም በአሜሪካ በቦስተን በታወቀው የሙዚቃ ትምህርት ቤት በርክሊ ተማረ። ጃዝ የጥቁር አሜሪካውያን ነው፤ ከላቲን አገሮችም ምት ወሰደ። ከኛ አራት ቅኝቶች ጋር አዋሕዶ ኢትዮ-ጃዝ አለው። ከየት እንዳመጣው ሸሽጎ አያውቅም። በ2005 አንድ የአሜሪካ ፊልም ዜማዎቹን ስሙን ጠቅሶ ለዓለም አሰማለት፤ በ2010 ደግሞ ናስ እና ዴሚየን ማርሊ የእሱን ዜማ መሠረት አድርገው ዘፈኑ። ሄደ፣ ወሰደ፣ ሰጠ፣ መልሰው ወሰዱለት። በዚህ ማን ተዋረደ? ማንም።

የሰሎሞን ሊንዳ ነገር ግን ሌላ ነው። ይህን ሰው በተለይ እናንተ ልታውቁት ይገባል፤ እንደናንተ የእንጀራ ስደተኛ ነበረና። በደቡብ አፍሪካ በናታል ገጠር የተወለደ የዙሉ ሰው ነው፤ ሥራ ፍለጋ ጆሃንስበርግ ገባ። ከጓደኞቹ ጋር ይዘፍን ነበር። በ1939 «ምቡቤ»፣ በቋንቋቸው አንበሳ ማለት ነው፣ የሚባለውን ዘፈን አስቀረጸ። ሸክላው በአገሩ በብዛት ተሸጠ። ለዘፈኑ መብት ያገኘው 10 ሽልንግ ነው። በዚያው በሸክላ ኩባንያው ግቢ ተራ የጉልበት ሠራተኛ ሆኖ ኖረ። ሸክላው አሜሪካ ደረሰ፤ በ1950ዎቹ መጀመሪያ አንድ የነጮች ቡድን ዘፈነው። በ1961 ሌላ ቡድን የእንግሊዝኛ ግጥም ጨምሮበት በአሜሪካ አንደኛ ሆነ። ሊንዳ በ1962 በድህነት ሞተ። ዘፈኑ ግን አልሞተም። በ1994 የወጣውን የአንበሶች የካርቱን ፊልም የምታሳድጓቸው ልጆች ሳያዩት አይቀሩም፤ እዚያ ውስጥ አለ። የሊንዳ ልጆች ተካስሰው በ2006 በስምምነት ገንዘብ እስኪያገኙ ድረስ አባታቸው ከሞተ 44 ዓመት አልፎ ነበር።

እዚህ ላይ ለፍርድ መቸኰል አይገባም። የኤልቪስ ፕሪስሊን «ሃውንድ ዶግ» የተባለ ዘፈን እንደ ምሳሌ የሚያነሡ አሉ። ከእሱ በፊት፣ በ1952፣ የቀረጸችው ቢግ ማማ ቶርንተን የምትባል ጥቁር ሴት ናት፤ በ1956 እሱ ሲዘፍነው ዝናውንም ሀብቱንም እሱ አገኘ። ነገር ግን ዘፈኑን ለእሷ የጻፉላት ሁለት ነጭ ወጣቶች ነበሩ። ስለዚህ «ነጭ ከጥቁር ሰረቀ» ብሎ በአጭሩ መዝጋት አይቻልም። በሩ ለማን ተከፈተ፣ ለማንስ ተዘጋ ብሎ መጠየቅ ግን ይቻላል።

የባሕረ ሰላጤውንም አገር እንዲሁ እዩት። በኩዌት፣ በባሕሬንና በኤሚሬቶች በሠርግና በበዓል ቀን «ጠንቡራ» የሚባል ክራር መሰል መሣሪያ ሲመታ አይታችሁ ይሆናል። ስድስት ጅማት አለው፤ አብሮት የሚጨፍረው ሰው ወገቡ ላይ የፍየል ሰኮና የተንጠለጠለበት ቀበቶ ይታጠቃል። ጭፈራውን «ኑባን» ይሉታል፤ ስሙ ከኑቢያ የመጣ ነው። ከአፍሪካ በባርነት የተወሰዱ ሰዎች በልባቸው ይዘው የሄዱት ነገር ነው። የእናንተን ክራርና በገና የሚመስለውም ለዚህ ነው፤ ዘመዳማቾች ናቸው። ዛሬ የአገሩ ቅርስ ተብሎ በቴሌቪዥን ይታያል፤ መልካም ነው። እነርሱ ራሳቸው በጀግንነቱ የሚዘምሩለት ባለቅኔ ዐንተራ እናቱ ዘቢባ ሐበሻዊት ባሪያ ነበረች፤ አባቱ ልጄ ነው ብሎ የተቀበለው ጦር ሜዳ ላይ ካስፈለገው በኋላ ነው ይባላል። ማዳማችሁ የዐንተራን ታሪክ በትምህርት ቤት ተምራለች። የእናቱን አገር ሰው ግን ወጥ ቤት ውስጥ አስቀምጣ በተለየ ሳሕን ታበላለች።

በ2020 በአሜሪካ ጆርጅ ፍሎይድ የተባለ ጥቁር ሰው በፖሊስ ሲገደል፣ ታንያ ሳሌህ የምትባል የሊባኖስ ዘፋኝ የራሷን ፎቶ ጥቁር አስመስላ አሠርታ አወጣች። ሐሳቧ ከተገፉት ጋር መቆም እንደነበረ ከጻፈችው ይታያል። በዚያው ሰሞን፣ በሰኔ ወር፣ በቤሩት የኢትዮጵያ ቆንስላ ደጃፍ እኅቶቻችን ሻንጣቸውን ይዘው አስፋልት ላይ ያድሩ ነበር። ገንዘቡ ወድቆ፣ በሽታው ገብቶ፣ አሠሪዎቻቸው በመኪና አምጥተው ጥለዋቸው ሄደው ነው። ብዙዎቹ ደመወዛቸው አልተከፈላቸውም፤ ፓስፖርት ያልያዙም ነበሩ። እኔ ያን ፎቶና ያን አስፋልት በልቤ ለይቼ ላያቸው አልቻልኩም። ጥቁር መልክ በሥዕል ከሆነ ያምራል፤ ደጅ ላይ ተኝቶ ሲገኝ ግን የሚያነሣው የለም። የቀለም ጥቁረት በሳሙና ይለቃል። የእናንተ ግን ከኢቃማው ጋር አብሮ ይኖራል፤ አውሮፕላን ጣቢያም፣ ሱፐር ማርኬትም፣ መዋኛው በር ላይም አብሯችሁ ይቆማል።

እኅቴ፣ ያስለቀሰሽ ይህ ይመስለኛል። ልጅቷ አልናቀችሽም፤ ሕፃን ናት፣ የምትወደውን መምሰል ፈለገች። ነገር ግን ሳቁ ከፍ ያለው ነጠላውን አይተው ነው ወይስ ፊቷን? አንቺ ሳሎን ውስጥ ነበርሽና ታውቂዋለሽ።

ልጅቷን ብቻዋን ስታገኛት፣ ፀጉሯን ስታበጥሪላት፣ በቀስታ ንገሪያት። «ነጠላዬን ስትለብሺ ደስ ይለኛል፤ እስክስታሽም ጥሩ ነው። ፊትሽን ግን አትቀቢ፤ እኔ ቀለም አይደለሁም» በያት። በዐረብ ቤት «ዐይብ» የሚለው ቃል ክብደት አለው፤ ልጆችም ያውቁታል። ነውሩ ምን ላይ እንደሆነ ለይተሽ ከነገርሻት አትረሳውም። ከማዳምሽ ጋር ግን በእንግዳ ፊት አትከራከሪ። ከፈቀደች በሰላሙ ቀን አንሺላት፤ ከተቈጣች ተዪው። ኮንትራትሽና ደኅንነትሽ ይበልጣል። ይህን የምለው መብት የለሽም ለማለት አይደለም፤ በሰው ቤት በር ተዘግቶብሽ እንደምትኖሪ ስለማውቅ ነው። መደብደብ ወይም ደመወዝ መከልከል ካለ ግን ያ ሌላ ጉዳይ ነው። ለቆንስላ፣ ለቤተ ክርስቲያንም አሳውቂ።

አሁን ደግሞ ወደ ራሳችን ቤት እንግባ፤ የኛም ቤት ንጹሕ አይደለምና። «እኛ ሐበሾች ነን እንጂ ጥቁሮች አይደለንም» የምትሉ እኅቶች አላችሁ፤ ከሱዳኗና ከኬንያዋ ጋር በአንድ ፎቅ እየሠራችሁ። በአገራችን ባርነት በአዋጅ የተከለከለው በ1942 ነው፤ ከቀጠር የሚቀድመው በዐሥር ዓመት ብቻ ነው። ቃሉ ግን እስከ ዛሬ በአፋችን አለ፤ ልጆቻችንን ስንቈጣ ሳይቀር እንጠቀምበታለን። በሸክላ ሠሪዋ ጀበና ቡና እየጠጣን እሷን «ቡዳ ናት» ብለን ልጅ አንድርላትም ያልን ሕዝብ ነን። አዝማሪው ሲዘፍን እንስቃለን፣ ግንባሩ ላይ ብር እንለጥፋለን፤ ሴት ልጃችንን ቢጠይቅ ግን እንሳደባለን። በቀልድ መድረካችን የደቡቡንና የገጠሩን ሰው አነጋገር እያስመሰሉ ማሳቅ እንጀራ ሆኗል። የዘፋኙን ዜማ ወድዶ ዘፋኙን መናቅ እኛም እናውቅበታለን፤ ከዐረብ አልተማርነውም። በዕረፍት ቀናችሁ ስትሰበሰቡ፣ የፊሊፒኗን አረማመድ ወይም የባንግላዴሹን ዐረብኛ እያስመሰላችሁ ስትስቁ እነርሱ ቢያዩአችሁ ወዴት ገብተው ያለቅሱ ይሆን?

ቦታው ሳያልቅብኝ ለአንዲት የኩዌት እኅት መልስ ልስጥ። ባባ ለልጁ ሠርግ የሐበሻ ልብስ ለብሳ እስክስታ እንድታሳይ ጠይቋታል፤ እሺ ልበል ወይ ትላለች። ልጄ፣ እንግዳ ሆነሽ ተጋብዘሽ፣ የራስሽን ልብስ በክብር ለብሰሽ ከሆነና አንቺም ደስ ካለሽ፣ እኔ አልከለክልሽም። ሳሕን ስታነሺ ቆይተሽ በመካከሉ «ነይ እስኪ ዝለይልን» የሚሉሽ ከሆነ ግን ጕልበቴን አሞኛል ማለት ይቻላል። ቀኑን ሳየው ደግሞ ሠርጉ የሚውለው በዐቢይ ጾም ነው። «ጾም ላይ ነኝ» በያቸው፤ እነርሱም ጾም ያውቃሉ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።